በጫማ ካርቶን የተሠራ ቤት

ጫማ ነጋዴ ሰው አያምንም። መቱ ውስጥ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ መደርደሪያ ላይ የማወጣው የግራ እግሩን ብቻ ነው፤ ቀኙ ከኋላ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱንም አጥልቆ «እስኪ ትንሽ ልራመድበት» ብሎ ወጥቶ የቀረ ደንበኛ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል፤ አንድ ጊዜ በቂዬ ነው። ሚስቴ ደራርቱ በዚህ ጠባዬ ትስቅብኝ ነበር። «ተካ፣ አንተ እኮ ገነት በር ላይ ብትደርስ ቅዱስ ጴጥሮስን መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኝ ነበር። ይህን ያነሳሁት ላስቃችሁ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት በአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ላይ ያደረግሁትን ስትሰሙ፣ ሰውየው ድሮም እንዲህ ነበር ብላችሁ ትንሽ እንድታዝኑልኝ ነው።

ደራርቱ በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ለሕክምና ጅማ ሄደች፤ በሕይወት አልተመለሰችም። ታመመች ከተባለ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ልጃችን ኬና አምስት ዓመት ከመንፈቅ ነበረች። አስከሬኑ መቱ ከመድረሱ በፊት ታላቅ እህቴ ወይንሸት ልጅቱን ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ጎሬ፣ እሷ ቤት ወሰደቻት። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቅሶው ተለቅሶ፣ ድንኳኑ እስኪነቀል ኬና እዚያው ቆየች። እኔም በዚያ መሐል ፎቶዎቹን ከግድግዳ አወረድኩ፤ የእናቷን ልብስ ለዘመድ አከፋፈልኩ። ኬና ልትመጣ ስትል ጺሜን ተላጨሁ፣ ጥቁሩን ሸሚዝ አወለቅኩ። ሐዘኑ ቶሎ ወጣለት ብለው ያሙኝ ነበሩ። ይሙኝ አልኩ።

ለልጅቱ የነገርናት እናቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ እየታከመች መሆኑን ነው። ይህን የወሰንኩት ብቻዬን አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም፣ የእድር ሰዎችም፣ ወይንሸትም ተስማምተውበታል። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለጎልማሳ እንኳ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል፣ ደጋፊው ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ነው አንዱ አፉን የሚከፍተው። ለትልቅ ሰው እንዲህ ከተጠነቀቅን ለአምስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? ትንሽ ትደግ፣ ልቧ ይጠንክር አልን።

እኔ ግን ከተባልኩት በላይ ሄድኩበት። ማታ ማታ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ማዶ ማንም ሳይኖር፣ አወራ ነበር። «እሺ ደራርቱ፣ ደህና ናት፣ በልታለች» እያልኩ። ኬና ስልኩን ስትጠይቀኝ ሐኪሙ ከልክሏል እላታለሁ። አንድ ቀን ከራሴ ሱቅ አንድ ጥንድ ቀይ ጫማ አውጥቼ «እማዬ ላከችልሽ» ብያታለሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ጠየቀችኝ። ከዚያ ድንገት መጠየቅ አቆመች። አትጠይቅም፣ አታለቅስም፣ የተሰጣትን ትበላለች፣ ሳያት ፈገግ ትላለች። ከሱቄ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ ለሚሸጡት ለጋሼ ከማል «ልጅ እኮ ቶሎ ይረሳል» አልኳቸው። ጋሼ ከማል የጅማ ሰው ናቸው፤ ባላመኑበት ነገር ላይ አስተያየት አይሰጡም። አንድ ባልዲ አንስተው ወለወሉ።

ታኅሣሥ ገባ። ቡና የሸጠ ገበሬ ሁሉ ለልጁ ጫማ የሚገዛበት ወር ስለሆነ ከሱቅ የምወጣው ደክሜ ነው። አንድ ሰኞ ማታ የኬናን ዩኒፎርም ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አራት የለስላሳ ቆርኪ አገኘሁ። መጀመሪያ ቁማር መሰለኝ፤ የሰፈር ልጆች በቆርኪ ይጫወታሉ። ገልብጬ ሳየው ግን የእያንዳንዱ ሆድ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ፊት ተስሎበታል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ተቆጥቶ ጥርሱን አግጥጧል፣ አንዱ ዓይኑ ፈጥጧል፣ አንዱ ያለቅሳል።

ቆርኪዎቹን ይዤ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ኬና ወለል ላይ ተቀምጣ በባዶ የጫማ ካርቶን ትጫወታለች። ካርቶኑን በጎኑ አስተኝታ ቤት አድርጋዋለች፤ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ወረቀት ጨማምቃ ሰዎች ሠርታለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ልጠራት አፌን ስከፍት ድምፅዋን ሰማሁ።

«ሱታ፣ ሱታ» ትላለች ለወረቀቶቹ፣ በኦሮምኛ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ «ዝም በሉ። እሱ አላወቀም። ማንም እንዳይነግረው።»

«ማነው ያላወቀው?» አልኳት።

ዞር አለች። ፊቷ ላይ ያ የለመድኩት ፈገግታ ነበር። «ማንም። ጨዋታ ነው።»

«ምንድን ነው ያላወቀው?»

«ጨዋታውን።»

«ይሄንን ቆርኪ ማን ሰጠሽ?»

«ቲቸር ሌንሴ። የስሜት ጨዋታ ነው። ጠዋት ጠዋት የኛን እንመርጣለን።»

«አንቺ የትኛውን ነው የምትመርጪው?»

«እኔ አልመርጥም» አለችና የካርቶኑን ክዳን ዘጋችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኬና የእናቷን ሞት ከባዕድ አፍ፣ እንደ ዋዛ፣ ደጋፊ በሌለበት እንዳትሰማ። ለዚያ ነው ያን ሁሉ የዋሸሁት። እና አሁን አንዲት መምህርት ልጄን ምስጢር ስታስይዝብኝ አገኘሁ። «እሱ አላወቀም» ማለት ምንድን ነው? ነግራት ነው፤ ከዚያ ለአባትሽ እንዳትናገሪ ብላታለች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ የኬናን ምሳ ዕቃ ሆን ብዬ ቤት አስቀረሁና ረፋድ ላይ ይዤው ሄድኩ። ወደ በሩ ግን አልሄድኩም። የትምህርት ቤቱ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ አይጠፋውም። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አይቼ አንዱ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ምሳ ዕቃ በእጄ አንጠልጥያለሁ።

ሌንሴ ከዳሪሙ የመጣች፣ ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ናት። ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ልጆቹ ከበዋት፣ ፊት ለፊቷ ቆርኪዎቹ ተደርድረዋል። ገበያ ገበያ ይጫወታሉ። ፊት መግዛት የሚፈልግ ልጅ ያንን ፊት መቼ አድርጎት እንደነበር ይናገራል፤ ከተናገረ ይወስዳል። አንዱ ትንሽ ልጅ ዓይኑ የፈጠጠውን ጠቆመ። «አባዬ ማታ ሰክሮ ሲመጣ» አለ።

«ያኔ ሰውነትህ ምን ሆነ?» አለችው።

«ሆዴ ሮጠ።»

«እሱ ፍርሃት ይባላል። ያንተ ነው፣ ውሰደው» ብላ ሰጠችው። ልጁ ቆርኪውን እንደ ከረሜላ ጨብጦ ሄደ።

እኔ ደነገጥኩ። የሰው ቤት ገመና በአንድ ቆርኪ ይሸጣል። ያ ልጅ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቱ ደንበኛዬ ነው። የእኔስ ቤት በዚህ ገበያ ስንቴ ተቸርችሯል ብዬ አሰብኩ። ኬናን ስፈልጋት ዳር ላይ፣ የጫማ ካርቶኗን ታቅፋ፣ በአንድ እጇ አፏን ሸፍና ተቀምጣለች። ሌንሴ ሌሎቹን ትታ ወደሷ ሄደች፤ አጎንብሳ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ኬና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። ሱቅ ተመልሼ ለጋሼ ከማል አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«በጆሮዋ ምን አለቻት?» አሉኝ።

«አልሰማሁም።»

«ካልሰማህ ምኑን አወቅኸው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሂድና ጠይቃት።»

«ብትክድስ?»

«አንተ ደግሞ» አሉኝ ጋሼ ከማል፣ «ሳትጠይቅ መልሱን ትጠረጥራለህ።»

ረቡዕ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሄድኩ። ሌንሴ ቆርኪዎቹን በላስቲክ ሳሕን እያጠበች ነበር። ስታየኝ ደስ ያላት መሰለች፤ ይሄም አጠራጠረኝ።

«ጋሼ ተካ፣ መጡ? ሁለት ጊዜ በደብተሯ ላይ ጽፌልዎት ነበር እኮ።»

አስታወስኩ። ወረቀት ተጣብቆ አይቻለሁ፤ የመዋጮ ጥሪ መስሎኝ ሳላነበው አልፌዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም። «ልጄን ምንድን ነው የነገርሻት?» አልኳት ቆሜ።

«ስለምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እናቷ ታመው አዲስ አበባ ናቸው ተብሎ ነው የተነገረኝ። ከዚያ ውጭ እኔም ለማንም የተናገርኩት የለም፣ ለእሷም።»

«በጆሮዋ ታንሾካሹኪያለሽ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«የት ሆነው?»

አጥሩን ላለማየት ዞር አልኩ። እሷም አልገፋችበትም። «ዛሬም ካልመረጥሽ ችግር የለውም ነው ያልኳት» አለችኝ። «ጋሼ፣ ኬና ከመስከረም ጀምሮ አንድም ፊት አልመረጠችም። ወድቃ ጉልበቷ ደምቶ እንኳ ትስቃለች። እኔ የፈራሁት ይሄንን ነው። ካርቶኗን ይዛ የምትጫወተው ጨዋታ አለ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ታቆመዋለች። ነገ ጠዋት ይምጡና ይዩት።»

«የሰው ቤት ምስጢር በጨዋታ እያወጣሽ እኔን ደግሞ ተመልካች ልታደርጊኝ?»

«እኔ አላወጣም። ልጆቹ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ስሙን አያውቁትም፤ ስሙን ነው የማስተምራቸው። ስሙን ያላወቁት ነገር ሌሊት ያስጮሃቸዋል።»

ልሰማት አልፈለግሁም። ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሄድኩ። ርዕሰ መምህርቷ አቤቱታዬን አዳምጠው «በጽሑፍ ያምጡልኝ። መምህርቷ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቀረበባት የምትቀጥል አይመስለኝም» አሉኝ። ማታ ጻፍኩት። የቤተሰብን ገመና መበርበር፣ ሕፃናትን ምስጢር ማስያዝ፣ ያልሆነ ጨዋታ። ለወይንሸትም ደወልኩላት፦ ቅዳሜ ኬናን ጠቅልዬ ላመጣልሽ ነው፣ ጎሬ ትማር አልኳት። ወይንሸት አለቀሰች። «አንተስ ብቻህን ልትቀር ነው?» አለችኝ። ልጄ ከባዕድ አፍ ከምትሰማ ብቻዬን ብቀር ይሻለኛል አልኩ። እውነቴን ነበር።

ኬና ሐሙስ ጠዋት ካርቶኗን ታቅፋ ከፊቴ ቱር ቱር እያለች ትሄዳለች። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ቢሮው ገና አልተከፈተም ነበር። ሌንሴ በሩ ላይ አገኘችን፤ ኬናን አስገብታ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ጽፈው መጡ?»

«አዎ።»

«ይስጡ። ግን መጀመሪያ ይዩ። ካዩ በኋላም መስጠት ከፈለጉ ራሴ ወስጄ አስገባዋለሁ።» ወደ ክፍሉ ተመለከተች። «ልጅን ተደብቆ ማዳመጥ ጥሩ አይደለም። እርስዎ ግን ካላዩ የሚያምኑኝ ሰው አይደሉም።»

ይሄን ያህል አውቃኝ ነበር። ወጥመድ ነው እያልኩ ተከተልኳት። ከክፍሉ ጎን ፍራሽና ምንጣፍ የሚቀመጥባት ጠባብ ዕቃ ቤት አለች፤ በሯ መጋረጃ ብቻ ነው። እዚያ አቆመችኝ። ሌሎቹ ልጆች ውጭ እየዘለሉ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ኬናና ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም በራሳቸው ጨዋታ ተይዘዋል። ሌንሴ ከኬና ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀቻትም። ለረጅም ጊዜ ምንም አለመጠየቋ አስገረመኝ።

ኬና ካርቶኑን በጎኑ አስተኛችው። አንዱን የወረቀት ሰው ወደ ካርቶኑ አስገብታ አስተኛችው። ሌሎቹን ከካርቶኑ ራቅ አድርጋ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳች ማስጠጋት ጀመረች።

«ሱታ፣ ሱታ። ገና አልነጋም። እትዬ ወይንሸት በዚህ በኩል ቁሚ። ጋሼ ከማል በዚያ በኩል፣ ሲወድቅ እንዲይዙት። ውሃ ማን ይዟል? ቲቸር ሌንሴ ውሃ ያዢ።» ውሃ ነው ብላ አንድ ቆርኪ ከአንዷ ወረቀት አጠገብ አስቀመጠች። «በልቷል? ማታ በልቷል። እሺ።»

ጣቷን አጥፋ ካርቶኑን አንኳኳች። ሦስት ጊዜ። ወረቀቶቹ ሁሉ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ።

ከዚያ እጇን መለሰች። «አይ፣ ገና ነው» አለች። «ዛሬም ይደር። አልጠነከረም።» ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰቻቸው።

ሌንሴ ያኔ ነው የተናገረችው፣ ቀስ ብላ። «ውስጥ የተኛው ማነው?»

«አባባ።»

«ምን ሊነግሩት ነው የመጡት?»

ኬና በሩን ተመለከተች፤ ሰው እንደሌለ አረጋገጠች። «መርዶ። እማዬ ሞታለች፣ እሱ ግን አያውቅም። ያውቅ እንደሆነ ብዬ ስጠይቀው ስጠይቀው፣ ትመጣለች ይላል ሁልጊዜ።»

«አንቺስ እንዴት አወቅሽ?»

«ጎሬ እያለሁ አንድ ሴትዮና እትዬ ወይንሸት ሲያወሩ ሰማሁ፤ እኔ የተኛሁ መስሏቸው። እዚያ ጎረቤት ያለ ሰውዬም መርዶ ተነገረው፣ በጠዋት። ለምን በጠዋት መጡ ብዬ እትዬን ስጠይቃት፣ ሰው ድንገት ከሰማ ልቡ ይቆማል አለችኝ። አባባ ደግሞ ብቻውን ነው። ስልክ ላይ እማዬ ነኝ እያለ የሚያታልለው ሰው አለ፤ ያ ሰው ክፉ ነው። እኔ ብነግረው ማን ይይዘዋል? እኔ አልችለውም፣ ከባድ ነው።»

«ለዚህ ነው ፊት የማትመርጪው?»

«የሚያለቅሰውን ከያዝኩ ያይብኛል። ካየብኝ ያውቃል።»

ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። አምስት ወር ሙሉ ልጄን ከመርዶ እጠብቃታለሁ ብዬ ሳስብ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። ያ ለምጄው የነበረው ፈገግታ እኔን ለማዳን የተያዘ ነበር። የጠረጠርኳትን ሴት እያየሁ፣ ያላየኋትን ልጅ እያሰብኩ፣ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ኬና ካርቶኑ ላይ ተደፋችበት፣ በደረቷ ሸፈነችው። «አባባ፣ ጨዋታ ነው» አለች። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ በዚያች ደቂቃ እንደፈራሁት ያለ ነገር በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ቀላል መንገድ ታይቶኝ ነበር። አሁን እንደሰማሁ ሆኜ ብጮህ፣ ብወድቅ፣ እሷ መርዶውን በወጉ ያደረሰች ጎበዝ ልጅ ትሆናለች፤ እኔም ውሸታም ሳልባል አልፋለሁ። ለጥቂት ወደዚያ አዘንብዬ ነበር። ያገደኝ ስልኩ ነው። እኔ ንጹሕ ሆኜ ብወጣ፣ ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን የሌለ ክፉ ሰው ስትጠላ ትኖራለች።

«ኬና፣ አውቃለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«እማዬ መሞቷን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ ብሎ ነው የረገፈው። «ስልኩስ?»

«ማንም አልነበረም። ብቻዬን ነበር የማወራው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«እትዬ ወይንሸት አንተ እንደምታውቅ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ጋሼ ከማልስ?»

«እሳቸውም።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው የጠበቅኩት?» አለችኝ።

ካርቶኑን አነሳችና በደረቴ ላይ መታችኝ። ደገመችኝ። ካርቶኑ እስኪቀደድ መታችኝ። ላስቆማት እጄን ስዘረጋ ሌንሴ በዓይኗ «ይተዉ» አለችኝና ሁለቱን ልጆች ይዛ ወጣች። ከዚያ ኬና «እማዬ» ብላ ጮኸች። በአምስት ወር ውስጥ ያንን ቃል ስትጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። አቅፌያት አብረን አለቀስን፤ እኔም እኮ በወጉ አላለቀስኩም ነበር፤ ጺሜን ቶሎ ተላጭቻለሁ። ስትደክም ከወደቁት ቆርኪዎች ውስጥ ጥርሱን ያገጠጠውን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ ነው የኔ» አለች። የሚያለቅሰውን ትመርጣለች ብዬ ነበር።

ደብዳቤውን ሌንሴ ፊት ቀደድኩት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ማየቴንም ነገርኳት። «ምሳ ዕቃ ይዘው የቆሙ ዕለት ነው? ልጆቹ እኮ አይተውዎታል፤ ጋሼ ተካ ለምን ይደበቃሉ፣ ዓይኑ የፈጠጠውን ቆርኪ እንስጣቸው ሲሉ ነበር» አለችኝ። ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ጊዜ ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ጎሬ መውሰዱ ቀረ። በምትኩ ወይንሸት ከጎሬ መጣች፤ ሊነጋጋ ሲል ከጋሼ ከማልና ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር ሆነው በራችንን አንኳኩ። ለኬና በወጉ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ መርዶዋን ነገሯት። አስቀድማ ታውቀዋለች፤ ግን ግራና ቀኟን ሰው ይዟት ሰማችው። ጥቁር ሻሽ እሰሩልኝ አለች፤ ወይንሸት የራሷን ፈትታ አሰረችላት። ፎቶዎቹም ወደ ግድግዳው ተመለሱ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ሁሉም መልካም ሆነ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ዳግመኛ ልዋሽ አልፈልግም። ከዚያ ወዲያ ጠርጣሪዋ ኬና ሆነች። ዕቃ ላመጣ ጅማ እሄዳለሁ ስላት፣ ከሄድኩ በኋላ ለጋሼ ከማል በሰው ስልክ ደውላ «እውነት ሄዷል?» ብላ ታጣራለች። ዘመድ ሲታመም የሁላችንንም ፊት እየዞረች ታያለች። አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ ሳወራ መጥታ ጆሮዋን ከእጄ ጋር አጣብቃ ማዶ ሰው መኖሩን ታዳምጥ ነበር። አልከፋኝም። ይገባኛል።

በዚያች ሐሙስ የገባኝን ልንገራችሁ። ልጅ ያላወቀ እየመሰለን እኛው ነን ያላወቅነው። ሲስቅ ዳነ፣ ሲያለቅስ ታመመ እንላለን፤ ዝም ሲል ደግሞ ጨዋ ነው እንላለን። ሰውን በመጠርጠር የኖርኩ እኔ፣ መጠርጠር የነበረብኝን አንድ ነገር፣ የአምስት ዓመት ልጅን የማይለወጥ ፈገግታ፣ ሳልጠረጥር አለፍኩ። ልጃችሁ ወለል ላይ ተቀምጦ በጨርቅም በወረቀትም ሲጫወት ብታገኙት፣ እባካችሁ ለመጥረግ አትቸኩሉ። ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አትጠይቁ፤ እንደ ሌንሴ ዝም በሉ። ሊነግራችሁ የፈራውን እዚያ እየተለማመደው ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ይዞኝ ለቀናት ተኝቼ ነበር። ኬና አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ከሰዓት አልጋዬ ጫፍ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራ ስትሠራ ቀና አለችና፣ «አባባ፣ ትሞታለህ?» አለችኝ።

የቀድሞው ተካ «አንቺ ደግሞ፣ ምን ሆኜ!» ብሎ ይስቅ ነበር።

«አንድ ቀን አዎ» አልኳት። «ከዚህኛው ግን የምድን ይመስለኛል። ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያለኝ። የባሰብኝ እንደሆነ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። እኔም ሳልደብቅ አሳየኋት፤ ፍርሃትም ነበረበት። «እሺ» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።